ጎማው ላይ የቀረ ክር

እትዬ ቅባትን በሥራ ሰዓት ባዶ ራሷን ያያት ሰው የለም። ጠዋት ስትገባ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች፤ ማታ ስትወጣ በሩ ላይ ፈትታ ታራግፈዋለች። ምክንያቱን የጠየቃት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «አንዲት ጸጉር አንድ ካሜራ ትውጣለች።»

የምትሠራው ከጀልባ ማቆሚያው ኋላ፣ ለጠላቂዎች ዕቃ የሚያከራይ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ነጭ ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚጎብጥ መብራት፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች። በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል፤ እዚያ ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፣ ንጹሕ ውሃ የተሞላ። ከባሕር የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው፤ መተንፈሻው፣ ቢላው፣ የእጅ ባትሪው፣ የካሜራ ሳጥኑ። ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን ይዘው የሚጠልቁት በአሉሚኒየም ሳጥን ቆልፈው ነው። በክዳኑና በሳጥኑ መካከል አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች፤ ኦሪንግ ይሏታል። ባሕሩ ከውጭ፣ ካሜራው ከውስጥ፣ በመሃል እሷ ብቻ።

እትዬ ቅባት ይህችን ጎማ በስለት ነክታት አታውቅም። በፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ከቦይዋ ታወጣታለች፤ ቦይዋን ጠርጋ፣ ጎማዋን አጥባ፣ በመብራቱ ሥር እያዞረች ታያታለች። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታክል ግሪስ ጣቷ ላይ አድርጋ በሁለት ጣቶቿ መካከል ቀስ ብላ ታሳልፋታለች፤ እስክታበራ እንጂ እስክትርስ አይደለም። «ግሪስ ውሃ አያቆምም» ትላለች። «ውሃ የምታቆመው ጎማዋ ናት። ግሪሱ ሳትታጠፍ፣ ሳትደርቅ ቦታዋ ላይ እንድትተኛ ነው። ሲበዛ አሸዋና ጸጉር ይጠራል።» ለብሎኖቹ ደግሞ ሌላ ቅባት አላት። ብሎን እርቃኑን አሉሚኒየም ውስጥ ከገባ በጨው ውሃ ሁለቱ ብረቶች ይበላላሉ፤ ነጭ ዱቄት ያወጡና ተጣብቀው ይቀራሉ።

ይህን ያየ ሰው ስሟ ከሥራዋ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ ስድብ ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የምትሠራው ከወደቡ ማዶ ባለው ትልቁ የጥገና ቤት ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ አባቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ብሎን ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ጠላቂ ነው፤ ጆሮውንም ያጣው እዚያው ነው። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያዋን ሳጥን ያለማንም እርዳታ የዘጋች ዕለት ኪሱ ገብቶ የናስ ወረንጦውን አወጣና ሰጣት። የሱ ምርቃት እንዲያ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ መጣ። አንገቱ ላይ ሰማያዊ ፎጣ አይጠፋም፤ እጁን በሱ፣ ፊቱን በሱ፣ መነጽሩን በሱ ይጠርጋል። ሳጥኑን አዘጋጅታ የዘጋችለት እሷ ነበረች፤ ጠዋት ጠልቆ ወጣ፣ ሳጥኑ ደረቅ ነበር። ከዚያ ጀልባው ላይ ባትሪ ሊቀይር ራሱ ከፈተው፤ ራሱ ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ሲጠልቅ ሳጥኑ ውሃ ሞላ።

ጀልባው ሲመለስ ወደቡ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሞ ነበር። ሰውየው ሳጥኑን ከፍቶ ውሃውን ሰው እግር ላይ ደፋው። ጎማዋን መዝዞ አወጣና አሸተታት። ከዚያ ሳቀ።

«ይሄ የፊት ቅባት ነው! ልጅቷ ፊቷን የምትቀባውን ነው ያሻሸችበት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሜራው ሞቷል፣ የአንድ ወር ፎቶ አልቋል፣ ሰው ግን ሳቀ፤ ነገሩ ያስቃል። አንዱ ከኋላ «እትዬ ቅባት!» ብሎ ጮኸ። ስሟ በዚያች ደቂቃ ወጣላት።

ሰውየው የወረወራትን ጎማ ከመሬት አነሳቻት። ጓዳ ገብታ በአጉሊ መነጽር ስታያት ጎማዋ ላይ አንድ ክር ተጋድሞባት አየች። ጸጉር የሚያህል፣ ሰማያዊ። ሮጣ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ እየው! የፎጣው ክር ነው!»

አባቷ ክሩን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ከአንገቷ እስከ እግሯ።

«የለበስሽው ቱታስ ምን ቀለም ነው?»

ቱታዋ ሰማያዊ ነበር። የሁሉም ሠራተኛ ቱታ ሰማያዊ ነበር። አባቷ ያላየውን የማያምን ሰው ነው፤ ባሕር ውስጥ በወሬ የሚሠራ ሥራ የለም። እጁን ዘረጋ።

«ወረንጦዬን አምጪ።»

ሰጠችው።

በማግስቱ ከሥራ ወጣች፤ አባቷም በኀፍረት ተከትሏት ወጣ። ወራት ቤት ተቀመጡ፤ በአንድ ገበታ ቀርበው ሳይነጋገሩ ይነሳሉ። በመጨረሻ የዚያን ዕለቱን ጀልባ ይነዳ የነበረው ሰው፣ ሁሉም ካፒቴኑ የሚለው፣ የራሱን የኪራይ ቤት ከፈተና አስጠራቸው። «ልጅቷን እቀጥራለሁ» አለ። «አባባ ግን አጠገቧ ቁጭ ብለው ሥራዋን ያያሉ። ሰው ምን ይለኛል?»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። እሷ ሳጥኑን አጽድታ፣ ቀብታ፣ ዘግታ በጠረጴዛው ላይ ወደ አባቷ ትገፋለች። አባቷ ከተቀመጠበት ዱካ ሳይነሳ ይከፍተዋል፣ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ይዳስሳታል፣ ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል፣ ይዘጋዋል። አንድም ቀን ምንም አላገኘም። አንድም ቀን ሳያይ አላለፈም። እሷ ሠላሳ አራት ዓመት ሆናት፤ የሠራችው ሥራ ሁሉ እንደ ሌባ ኪስ ይፈተሻል።

ሰማያዊ ልብስ ዳግም አልለበሰችም። ጎማዋን ከነክሯ በትንሽ ጠርሙስ ከድና መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች። ሰውየውማ ስሙ ገነነ። የዓሣ ፎቶዎቹ ያሉበት የቀን መቁጠሪያ ወጣ፤ አንዱን ገዝታ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሰቀለችው፣ ቂሟ እንዳይቀዘቅዝ። ዓመቱ አለፈ፤ አላወረደችውም። ካፒቴኑ ባየው ቁጥር «እትዬ ቅባት ዓሣ ትወዳለች» ይላል። ትስቅለታለች።

አንድ ሕግ ደግሞ አወጣች። ማንም ፎቶ አንሺ ከመጥለቁ በፊት ሳጥኑን በራሱ እጅ ይዘጋል፤ ባዶውን፣ ካሜራው ሳይገባ፣ ውስጡ ደረቅ ሶፍት ተደርጎ፣ ሰው ባለበት። ከዚያ ገንዳው ውስጥ አሥር ደቂቃ ይጠመቃል። ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚያስገባው ገና ላይ ላይ ሳለ ነው፤ ታች ከወረደ ባሕሩ ራሱ ክዳኑን ይጫንለታል። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ መልካም ጉዞ። ሕጉ ጀልባ ያስረፍዳል ብሎ ካፒቴኑ ያጉረመርማል፤ ግን ከሷ ጋር መከራከር ከዝገት ጋር እንደ መከራከር ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የካፒቴኑ ድምፅ ከግቢው መጣ።

«እትዬ ቅባት! ዛሬ ትልቅ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ! የቀን መቁጠሪያሽ ሰውዬ ራሱ!»

ጣቶቿ መካከል የነበረችው ጎማ ባለችበት ቆመች።

ሰውየው በሩን ሞልቶ ገባ። ሆዱ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ሳስቷል። አንገቱ ላይ ፎጣ አለ። ያኛው ፎጣ ሊሆን አይችልም፤ ቀለሙ ግን ያው ነው። የቀን መቁጠሪያውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ውይ! አድናቂዬ ነሽ ለካ! ያረጀውን ሳይቀር!»

«ዓይኔ ፊት እንዲሆን ብዬ ነው» አለች።

«እና እትዬ ቅባት የሚሉሽ አንቺ ነሽ? ደስ ሲል! ማነው ስሙን ያወጣልሽ?»

«አንድ ደንበኛ ነው ያስወጣልኝ።»

«ቀልደኛ ሰው መሆን አለበት።»

«መሳቅስ ይስቃል።»

እሱም ሳቀ። አላወቃትም። ይህን አስባው አታውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲገናኙ የምትናገረውን ስትደረድር፣ ስታስተካክል፣ እንደገና ስትደረድር፣ አንድም ቀን ሰውየው ጭራሽ አያስታውሰኝም ብላ አላሰበችም። ስድቡን ከመስማት ይህ ባሰባት። የሰውን ሕይወት ረግጦ ያለፈ፣ የረገጠው ነገር እንኳ ጫማው ላይ አልቀረም።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ትልቅና ውድ ነበር፤ እጀታዎቹን ያሰሩት ብሎኖች ግን ነጭ ዱቄት ለብሰዋል።

«ነገ ጠዋት የሰመጠችውን መርከብ ፎቶ ላነሳ እወርዳለሁ። እነዚህ አልፈታ ብለውኛል።»

«ቅባት ነክቷቸው ያውቃል?»

«ኧረ ምን ጊዜ አለኝ! ለዚያ ለዚያ እናንተ አላችሁ አይደል?»

ሽማግሌው አባቷ ከዱካው ላይ ሆኖ ፎጣውን ለረጅም ጊዜ አየው። ያወቀው ይሁን ያላወቀው ከፊቱ አይነበብም። ሰውየው ለሰላምታ ሲያጎነብስለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እ?» አለ፤ ሰውየውም «ጤና ይስጥልኝ!» ብሎ ጮኾበት ወጣ።

ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ከብሎኖቹ ጋር ታገለች። ሰብሮ ማውጣት ቀላል ነበር። አልሰበረችም። በእያንዳንዱ ራስ ዙሪያ አቼቶ ጠብ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ዱቄቱን በጥርስ ብሩሽ ጠረገች፣ እንደገና ጠብ አደረገች። መፍቻውን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። እያንዳንዱ ብሎን ሲዞር የሚዞረው የሰውየው አንገት ይመስላት ነበር፤ ስለዚህ አልተቻኮለችም። ስምንቱም ወጡ። ስምንቱንም ጠርጋ፣ ቀብታ መለሰቻቸው። ከዚያ ጎማዋን ሠራች። በሕይወቷ እንደዚያ አሳምራ ሠርታ አታውቅም። ዘግታ ወደ አባቷ ገፋችው፤ አባቷ ከፈተ፣ ዳሰሰ፣ ዘጋ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበችው፣ ከፈተችው። ሻሿን ገለጥ አድርጋ ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ጸጉር ነቀለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጠረጴዛ ላይ ሆና ሻሿን ነካች። ጸጉሯን በፕላስቲክ ወረንጦዋ ይዛ ጎማዋ ላይ አጋደመቻት። አታስታውቅም። ጥቁር በጥቁር ላይ። በማለዳው ሙከራ ባትያዝ ነገ በባሕሩ ትሠራለች፤ ታች፣ መርከቧ ጋ፣ ማንም በሌለበት። ያ ካሜራ ዋጋው ስንት እንደሆነ አላሰበችም፤ ያሰበችው ሰውየው ሳጥኑን ሲከፍት ፊቱ ምን እንደሚመስል ነበር።

መብራቱ ሥር ሆና ጸጉሯን አየቻት። አየቻት። ከዚያ ሰውየው በዚያ ቀን የተናገረው ትዝ አላት። «የሷ ሥራ ነው» ነበር ያለው፤ በሌላ ቃል። ውሸት ነበር። ነገ ይህ ሳጥን ውሃ ቢሞላ ግን እውነት ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ በገዛ እጇ፣ የሱን ውሸት እውነት አድርጋ ልትሰጠው ነው። ያ ሁሉ የአባቷ ዳሰሳም ልክ ነበር ማለት ነው።

«አላደርግልህም» አለች ለቀን መቁጠሪያው ዓሣ። ጸጉሯን አነሳች፤ ጎማዋን እንደ አዲስ አጠበች፣ እንደ አዲስ ቀባች። ሳጥኑን ስትዘጋ ግን እጇ ቀለል አላት፤ ይቅር ስላለችው አይደለም። የዚያ ሰው እጅ የጥፋት ሥራውን ያለሷ እርዳታ እንደሚሠራ ስለገባት ነው። ዐመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? እሷ ማድረግ ያለባት ሕጓን ማስከበር ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ሞልቶ ነበር። ሰባት ስምንት ጠላቂዎች የጎማ ልብሳቸውን ግማሹን ለብሰው ግማሹን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ይጠባበቃሉ። የጀልባው ሞተር ይንተከተካል። ሰውየው ካሜራውን በአንድ እጁ ይዞ ሳጥኑን ሊቀበል መጣ።

«መጀመሪያ ባዶውን ዘግተው ገንዳው ውስጥ ያስገቡታል» አለችው። «ሕግ ነው።»

«እኔ? እኔ'ኮ ስጠልቅ ሃያ ዓመቴ ነው።»

«ሃያ ዓመት የጠለቀም ይዘጋል።»

ካፒቴኑ ጣልቃ ገባ። «እትዬ ቅባት፣ ለዛሬ እንለፈው፤ ማዕበሉ ሳይነሳ እንድረስ።»

«አይታለፍም።»

«እንግዳ ነው እኮ!»

«እንግዳ ስለሆነ ነው። የቤቱን ሕግ ይልመድ።»

ካፒቴኑ ትከሻውን ሰበቀ። «በቃ ይዝጉት ጌታው፤ እሷ እንኳን በሰው በዝናብም ከቃሏ አትመለስም።» ጠላቂዎቹ ሳቁ።

ሳጥኑን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ሶፍቱን ውስጡ አደረገች። ከጎኑ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘረጋች። ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ክር የማይለቅ ጨርቅ ይኸውልዎት፤ እጅዎን በሱ ይጥረጉ» አለች። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ትላለች። ለሱም አለች። አንድም ነገር አላጎደለችበትም። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ ዱካውን ከገንዳው አጠገብ አስጠጋችለት፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ያያል።

ሰውየው እጁን ገንዳው ውስጥ ነከር አደረገ፣ አራገፈ። ነጩን ጨርቅ እንኳ አላየውም። እጁ በራሱ ወደ አንገቱ ሄደ። በፎጣው እጁን ጠረገ፤ ከዚያ፣ ለምርቃት ያህል፣ በፎጣው ጫፍ ጎማዋን ዙሪያዋን አበሰላት። ጠቅ አድርጎ ዘጋው።

እትዬ ቅባት አላስቆመችውም። አባቷን ዞር ብላ አየችው፤ የሽማግሌው ዓይን ፎጣው ላይ ተተክሏል።

ሳጥኑ ገንዳው ውስጥ ገባ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከክዳኑ አንድ ጥግ ቀጫጭን አረፋ ተከታትሎ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ያየችው አንዲት ወጣት ጠላቂ ናት። «ኧረ ይተነፍሳል!» አለች። ሰውየው ሳጥኑን አፈፍ አድርጎ አወጣና ከፈተው። ሶፍቱ ርሶ ከታች ተለጥፏል።

ሰውየው ጎማዋን መዘዘ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋት።

«ምንድነው የቀባሽው? ይሄ እኮ...»

«የፊት ቅባት ነው?» አለችው።

ሰውየው ጎማዋን ከአፍንጫው አራቀ።

ሽማግሌው ከዱካው ተነሳ። ማንንም ሳያስፈቅድ ጎማዋን ከሰውየው እጅ ወሰዳት፣ ወደ ፀሐይ አነሳት። ከኪሱ የናስ ወረንጦውን አወጣ። አንድ ነገር መዘዘና በሰውየው አንገት ላይ ባለው ፎጣ ላይ አስጠግቶ ያዘው። ክሩ ከፎጣው ጋር ሲቀላቀል ጠፋ፤ አንድ ነው። በግቢው ውስጥ ሌላ ሰማያዊ ነገር የለበሰ ሰው አልነበረም። እሷ ግራጫ ቱታ ለብሳለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ።

ጓዳ ገብታ ጠርሙሷን አመጣች። አሮጌዋን ጎማ ከነክሯ አውጥታ አባቷ ከያዛት ከአዲሷ ጎን አድርጋ አሳየች። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አንዴ ይህችን አንዴ ያችን አየ። ያን ቀን ጀልባውን ይነዳ የነበረው እሱ ነው፤ ለማስታወስ ብዙ አልፈጀበትም።

«ወይ ጉድ» አለ ቀስ ብሎ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይሄ ነው።»

ሰውየው ፊቷን አሁን ነበር ያያት። «ያቺ... ከማዶ የነበረችው ልጅ ነሽ? አሥር ዓመት ሆኖት የለ?»

«አሥራ አንድ» አለች። ከዚያ በኋላ እርስዎ አላለችውም። «አስታወስከኝ?»

ጠጋ አላት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ የኔ እህት፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ተናድጄ ነበር። ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆናል። ግን ሰው ፊት...»

«ያኔስ የት ነበርን?»

ሰውየው እጁን ወደ ፎጣው ሰደደ፤ መልሶ አወረደው።

«ለኔ አትንገረኝ፤ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ለአባቴ ንገረው። ጆሮው አይሰማም፤ ጮክ በል።»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ስምንት ጥንድ ዓይን። ወደ ሽማግሌው ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር።»

ሽማግሌው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «እ?»

«ጥፋቱ የኔ ነበር!»

«ማን ነበር?»

ካፒቴኑ ወደ ጀልባው ዞሮ ጮኸ፤ «ሞተሩን አጥፉት! አባባ አይሰሙም!» ሞተሩ ጠፋ። ከአጎራባቹ ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አወጡ።

የሰውየው ፊት እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «እኔ ነኝ! በፎጣዬ ነው! ልጅዎ ምንም አላጠፋችም! የፊት ቅባትም አልነበረም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ድምፁ ከጀልባ ማቆሚያው ጣሪያ ላይ ወፎች አስነሳ። ሽማግሌው ጥቂት አሰበ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲያ በል» አለ።

እትዬ ቅባት ጎማዋን ከአባቷ እጅ ተቀበለች። አጠበቻት፣ ቀባቻት፣ ቦታዋ መለሰቻት፤ አዲስ ሶፍት አስገብታ ነጩን ጨርቅ ለሰውየው ሰጠችው። በዚህኛው ጊዜ በሱ ጠረገ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ሶፍቱ ደረቅ ወጣ። ካሜራውን አስገብቶ ሊሄድ ሲል እጇን ዘረጋችለት።

«ፎጣውን ተው።»

«ምን?»

«ፎጣውን። እዚህ ቤት ከተሠራ ሳጥን ጋር አብሮ አይወጣም።»

ከአንገቱ ላይ አውልቆ ሰጣት። ጀልባው ሲሄድ አንገቱ ባዶ ሆኖ፣ እጁን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ሲዳስስ ታየ። ማታ ሳጥኑ ደርቆ ተመለሰ፤ እሷ ግን እሱን አላገኘችውም፤ የተከራየውን ዕቃ በካፒቴኑ እጅ አስመልሶ ሄዷል።

ፎጣውን በመቀስ አሥራ አንድ ቦታ ቆራርጣ ከደጅ ካለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። አሁን ከጠላቂዎቹ የአየር ቦምቦላዎች ላይ ጨውና ዝገት የሚጠረገው በሱ ነው፤ ጓዳ አይገባም። ቀን መቁጠሪያውን ግን አላወረደችውም። ካፒቴኑ «አሁንማ ይበቃል» ቢላት «ዓሣ እወዳለሁ አይደል?» ብላ አፉን አስያዘችው። ያሰበችውን ያህልም አልቀለላትም። የጨው ነገር እንዲያ ነው፤ ብረት ውስጥ ብዙ ዓመት የገባ፣ በአንድ እጥበት አይለቅም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሳጥን ዘግታ እንደ ልማዷ ወደ አባቷ ገፋችው። አባቷ ሳይከፍተው በክንዱ ወደ ጎን አሳለፈው። ከኪሱ የናስ ወረንጦውን አውጥቶ ወደ እሷ ዘረጋ።

«እዚያ አስቀምጠው» አለችው፤ ቀና ሳትል።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረው። እስከ ቀትር በፕላስቲኩ ወረንጦ ሠራች። ሁለተኛው ሳጥን፣ ሦስተኛው ሳጥን፣ ሳይከፈት አለፈ። ከቀትር በኋላ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቦይ ውስጥ ተቀርቅራ አልወጣ አለቻት፤ ሳታስበው እጇ ወደ ናሱ ሄደ። ከአባቷ ኪስ ገና እንደወጣ ሞቅ ያለ መሰላት።

ቅንጣቷን አወጣቻት። ጎማዋን እያሳለፈች፣ አባቷን ሳታየው፣ ለራሷ ያህል በለሆሳስ፣

«አሥራ አንድ ዓመት እንደ ሌባ ፈተሽከኝ» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ሽማግሌው።

ጣቶቿ ቆሙ። ቀና ብላ አየችው። ያንን ያህል ዝቅ ብሎ የተነገረ ነገር ሊሰማ አይገባውም ነበር።

«አባዬ፣ ትናንት ሰውየው ሲናገር የመጀመሪያውን ሰምተኸው ነበር?»

ሽማግሌው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«እ?» አለ።